አነር ነው ያልኩት

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ ሳወራ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ነች። ስለ ራሷ የማትወደው ነገር ላይ ስደርስ እጇ ቀስ ይላል፤ ያኔ «ጻፊው፣ አትለግሚ» እላታለሁ። ሲያልቅ መልሳ ታነብልኛለች። የዘለለችው ካለ በድምጿ አውቅባታለሁ።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ ዳገቱ ላይ ነው፣ ባህር ዛፉ ሊጀምር ሲል። ከአጥራችን ኋላ የሰው አጥር የለም። ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ ድረስ ከዚያ ጫካ እንጨት ተሸክሜ ሾላ ገበያ እያወረድኩ ነው የኖርኩት። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ገመዱን ልጄ ወሰደችው። ልጄ ባሏ ሞቶባታል። እኔና አንዲት ሴት ልጇ ነን ያለናት፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ደብተሯም ታክሲዋም ምሳዋም የሚወጣው ከእናቷ ጀርባ ነው።

የማወራው ለባቡሩ ተብሎ እስከ አያት ሰፈር ድረስ መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሮ፣ ከተማው አቧራ ለብሶ የነበረ ጊዜ ነው።

ልጅቷ የምትማረው ስለ አውሬ ነበር። ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከጅብ ጋር መንገድ ስጋፋ ለእኔ ማን ዲግሪ ሰጠኝ?» አልኳት። አንድ ቀን አስተማሪዋን ይዛ መጣች። ቀጭን፣ ትሁት ሰውዬ ነው፤ ጫማው ግን ለዳገት የተሠራ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ሲንሸራተት አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ካሜራ ይዘዋል። የግማሽ ጡብ ያህል ሳጥን ነው፣ ዛፍ ላይ በጉልበት ከፍታ ይታሰራል፣ ፊቱ የሞቀ ነገር ሲያልፍ ማንም ሳይነካው ራሱ ፎቶ ያነሳል። በእንጦጦ ተራራ ምን ምን አውሬ እንደቀረ ለማወቅ ነው አሉኝ።

አስተማሪው «እማማ፣ እርስዎ ጫካውን ያውቁታል ብላኛለች፤ አውሬ የሚያዘወትርበትን ያሳዩን» አለኝ። አሳየሁት። ልጄ እንጨቷን የምትደብቅበትን ጎን ግን ሆን ብዬ ዘለልኩ። ወደ ምንጩ በሚወስደው ቀጭን መንገድ ዳር አንድ ጽድ አለ፣ እሱ ላይ አሰሩት።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ተናገረ። ጅብም ቀበሮም ቢገኝ ተቆጥሮ ይመዘገባል፤ ነብር ከተገኘ ግን ለሚመለከተው ክፍል ይነገርና ያ ጎን ለሰው ይዘጋል አለ። ለሰውም ለነብሩም ሲባል ነው አለ። ልጅቷ ዓይኗ በራ። ነብር ብታገኝ ለመመረቂያ ጽሑፏ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ደግሞ «ይዘጋል» የምትለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ካርዱን ከካሜራው አውጥታ ታመጣና ላፕቶፗን አልጋው ላይ ትከፍታለች። እናቷ በዚያ ሰዓት ቤት አትኖርም፣ ወይ ዳገት ላይ ነች ወይ ሾላ። ሁለታችን እናያለን። ሌሊት የተነሳው ሁሉ አመድ የተነፋበት ይመስላል፣ ቀለም የለውም። አንዳንዱ ላይ ጅራት ብቻ፣ አንዳንዱ ላይ የጆሮ ጫፍ ብቻ ነው ያለው። እሷ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጎን የእንስሳውን ስም መሙላት አለባት።

አንዴ ውሻ አይታ ቀበሮ ብላ ጻፈች። «ይሄማ የታችኛው ጎረቤታችን ውሻ ነው፣ ካላመንሽ ሄደሽ ስሙን ጠይቂው» አልኳት። ቀበሮ መሬቱ እንደሚያቃጥለው ነው የሚረግጠው፤ ውሻ ግን የሄደበት ሁሉ የአባቱ ግቢ ይመስለዋል፣ ይንቀረፈፋል። ጥርኝና ሸለምጥማጥም ይምታቱባት ነበር። ጥርኝ ወፈር ያለ ነው፣ ፊቱ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ይመስላል፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ሸለምጥማጥ ቀጭን ነው፣ ጅራቱ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ረጅም ነው። ስንት ዶሮዬን በልቶብኛል፣ ጨለማ ውስጥ በጥላው አውቀዋለሁ።

የሚከብደው አነርና ነብር ነው። ሁለቱም ነጠብጣብ ናቸው፣ አመድ በመሰለ ፎቶ ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ነው። አነር እግሩ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ጆሮው ትልቅ፣ ጅራቱ አጭር ነው፤ አይጥ አሳዳጅ ነው፣ ሰው ሲያይ ይጠፋል። ነብር እግሩ ወፍራም ነው፣ ጅራቱ ረጅም ነው። «ጭንቅላቱም ጅራቱም ካልታየሽ ግን በቁመቱ ነው» አልኳት። «አጠገቡ የምታውቂው ነገር ካለ በእሱ ለኪው፤ ድንጋይም ቢሆን ጉቶም ቢሆን።» ይህን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። አስተማሪዋም ትክክል ናቸው ብሏት ነበር፤ ያን ሳምንት ሁሉ ጎረቤት ላይ እንደ ፕሮፌሰር ተንጎራደድኩ።

በሦስተኛው ካርድ ላይ ነው ያ ፎቶ የመጣው።

አንድ እንስሳ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ጭንቅላቱ ከፎቶው ወጥቷል። ጅራቱ ከኋላው ባለ ነገር ተጋርዷል። የሚታየው ጎኑና የኋላ እግሩ ነው፣ ነጠብጣቡም በደንብ አይለይም። ከኋላው ያለው ነገር የእንጨት ሸክም ነው። የእንስሳው ጀርባ ከሸክሙ አናት ጋር እኩል ነው።

ሸክሙን ወዲያው አወቅኩት። ልጄ ግራኝ ነች። ስታስር የቋጠሮዋ ጫፍ በግራ በኩል ይወድቃል፤ በዚያ ዳገት እንዲያ የሚያስር ሌላ ሰው የለም። እርጥብ እንጨት ስለሚከብድ ሴቶቹ አስረው ሁለት ሦስት ቀን ጫካ ውስጥ ይተዉታል፣ ውሃው ሲወጣለት ተመልሰው ያነሱታል። ለካ እንጨት ለቃሚ የሚያሳድዱት የጫካው ጥበቃዎች ከድሮ ቦታዋ ሲያባርሯት ወደ ምንጩ ጎን አዙራው ኖሯል። እኔ ካሜራውን ከልጄ ላርቅ ብዬ የመራሁት እሷው ዘንድ ነው።

ሸክም ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የሙሉ ሴት ሸክም መሬት ላይ ሲቀመጥ ጭኔ ድረስ ይመጣል። የልጅ ሸክም የምንለው አለ፣ መሸከም የምትለማመድ ልጃገረድ የምትይዘው፤ እሱ ከጉልበት አያልፍም። በፎቶ ላይ፣ ያልተሸከመ ሰው አይለያቸውም።

ልጅቷ ፎቶውን እያሰፋች «እማማ፣ ይሄ ሸክም ምን ያህል ነው?» አለችኝ።

«የልጅ ሸክም ነው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከሁለታችን ተሸክሞ የሚያውቀው ማነው?»

ለካች። የልጅ ሸክም ከሆነ የእንስሳው ጀርባ ጉልበት ላይ ነው፣ ጉልበት ላይ ከሆነ አነር ነው። ተነፈሰችና አነር ብላ ጻፈች። ነብር ነበር የጠበቀችው፣ ከፋት። እኔም ላስቃት ብዬ ስለ አስተማሪዋ ጫማ ቀለድኩ። ሳቀች።

ምን አስቤ እንደሆነ ልናገር። ያ ጎን ከተዘጋ ልጄ ሌላ ጎን የላትም፤ ልጄ ካልወጣች ልጅቷ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ሆና ትቀራለች። ነብር ደግሞ ሰው ይፈራል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በዚያ ጫካ ስኖር ዱካውን እንጂ እሱን አይቼው አላውቅም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ኦሮሞ ነበር፣ ነብርን ቄራንሳ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ያንን ቃል ሲያነሳ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርግ እንደነበር ያን ቀን ትዝ አላለኝም። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ማታ ስተኛ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሰፈሩ ውሾች መቀነስ ጀመሩ። መጀመሪያ የታችኛው ጎረቤታችን ውሻ፣ ያ ቀበሮ ተብሎ የተጻፈው። ቀጥሎ ከኛ በላይ ያሉት ሰዎች ሁለት ውሻ። ሰው ሁሉ መርዝ ተበትኗል አለ። እኔም አዎ፣ መርዝ ነው አልኩ። ማታ ማታ ድሮ እንቅልፍ የሚነሳን ጩኸት ጠፋ። ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ ቀን ልጄ ያመጣችውን ሸክም ስፈታ አንዱ ግንድ ላይ አራት ጭረት አየሁ፣ ቅርፊቱን አልፎ ነጩ ድረስ የገባ። ልጄን ምንድነው ስላት፣ ሳወርደው ድንጋይ ፈትጎት ይሆናል አለች። ድንጋይ አራት ጣት የለውም። እሷ ሾላ ስትሄድ ያንን ግንድ ለይቼ ፈልጬ ከምድጃ ጨመርኩት።

ለልጄ በጎን በጎን ለመንገር ሞከርኩ። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ሂጂ አልኳት። ጥበቃዎቹ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ከዚያ በፊት ወርጄ መገኘት አለብኝ አለች። እንግዲያው ስትወጪ ዝፈኚ፣ ቆርቆሮ ነገር እያንኳኳሽ ሂጂ አልኳት። ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ ጥበቃዎቹ መጥተው እንዲያጨበጭቡልኝ ነው?» ከእኔ የወረሰችው አፍ ነው፣ ምን ልበላት። የምትሄደው ኮሽ ሳትል ነው፤ ሌባ የሚያስመስላትም የሚያኖራትም እሱ ነው።

በአራተኛው ካርድ ላይ ያው እንስሳ ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሁልጊዜ ሰውነቱ ተቆርጦ። ካሜራው ሰዓት ይጽፋል። ልጅቷ በፈረንጅ አቆጣጠር አነበበችልኝ፣ እኔ ወደ ራሳችን ቀየርኩት፤ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጄ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው።

በእንስሳቱ መካከል የሰው እግርም አለ። ካሜራው ዝቅ ብሎ ስለታሰረ ሰው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው የሚታየው። ልጅቷ ሰው ሲመጣ ቶሎ ትሰርዘዋለች። የአስተማሪዋ ትዕዛዝ ነው፤ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች በኛ ፎቶ ተይዘው እንዳይቸገሩ ብሎ ነው። ደግ ሐሳብ ነው። ጣቷን ትጫናለች፣ እግሩ ይጠፋል። አውሬው ይቆጠራል፣ ሰው ይሰረዛል። አንዷን እግር ከመጥፋቷ በፊት አየኋት፤ ኮንጎ ጫማ፣ የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ በጥቁር ገመድ የተቋጠረ። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ልጅቷም ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈች።

አምስተኛው ካርድ የመጣው ደመና በተጫነበት ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጥበቃዎቹ ስለሚያረፍዱ ልጄ እንደ ልማዷ በሌሊት ወጥታ ገና አልተመለሰችም ነበር።

መጀመሪያ እንስሳው መጣ፣ ወደ ምንጩ ሲያልፍ፣ ጀርባውና ሆዱ ብቻ። ቀጥሎ ኮንጎ ጫማው፣ ወደ ዳገቱ ሲወጣ። ልጅቷ ሰዓቱን ብቻ አንብባ ሰረዘችው። ቀጥሎ እንደገና እንስሳው። አሁን ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሯል፣ ኮንጎ ጫማው በሄደበት በኩል። አንገቱ ዝቅ፣ ትከሻው ከፍ ብሏል። ጅራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ታየ፤ ረጅም ነው፣ ጫፉ ወደ ላይ ቆልመም ያለ። ሰዓቱን አንብቢልኝ አልኳት። ከኮንጎ ጫማው በኋላ አራት ደቂቃ ነው።

«ቅድም የሰረዝሽውን መልሺው» አልኳት።

የተሰረዘ አይመለስም አለችኝ። ጅራቱን እያየች ነበር፤ ፊቷ ተለወጠ። ወደ ድሮዎቹ ፎቶዎች ተመለሰች፣ ሸክሙ ያለበት ጋ ቆመች። እኔ ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ሸክሙ የልጅ አይደለም፣ የሙሉ ሴት ነው አልኳት። የእናትሽ ነው አልኳት።

የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ።

«የእናቴ እግር መሆኑን አውቅ ነበር። ጫማውን የገዛሁላት እኔ ነኝ። አነር ነው ስላልሽኝ ነው ዝም ብዬ የተኛሁት።»

ተነሳን። ልጅቷ ሮጣ ልትወጣ ነበር፣ ያዝኳት፤ ነብር የሚሮጥ ነገር አይወድም፣ አብረን እንሂድ አልኳት። እኔ ዱላዬን፣ እሷ የውሃ ጀሪካን ያዘች። ባዶ ጀሪካኑን በዱላ እየደበደብን ወጣን። ለስንት ዓመት ኮሽ ሳንል በወጣንበት መንገድ የሠርግ ቤት አስመሰልነው። ጥበቃ ቢሰማን ግድ አልነበረንም። ጉልበቴ እየጮኸ ነበር፣ እኔም የምቀልደው አጣሁ። ልጅቷ እናቷን ትጠራለች፣ ዛፉ ድምፅዋን ይውጠዋል። በጎናችን ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ቆቅ እንኳ አልተነሳችም። ጠዋት በዚያ መንገድ ቆቅ ሳይነሳ አይቀርም፤ እንዲያ ጸጥ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ድሮ አውቅ ነበር።

ከመታጠፊያው ላይ ልጄ ወጣች። ሸክሙን ተሸክማ፣ ወገቧ ለሁለት ታጥፎ፣ ዓይኗ መሬት ላይ። የተሸከመች ሴት የምታየው የራሷን ጣት ብቻ ነው። ወደ ኋላ መዞር አትችልም፤ ሸክሙ ይጥላታል። ይህን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ያንን ሁሉ ሳምንት ግን አላሰብኩትም።

ቀና ሳትል «ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አለች።

ሸክሙን ገደሉ ላይ አስደግፈን አወረድንላት። ልጅቷ ነገረቻት፤ ፎቶውን፣ ጅራቱን፣ አራቱን ደቂቃ። ልጄ ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች ሰማች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው» አልኳት።

አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ልጇን ጠየቀቻት፣ «ስንት ቀን ተከተለኝ?» ብላ።

ልጅቷ አታውቅም። እንስሳው ያለበት ፎቶ ሁሉ አለ፣ የሰው እግር ያለበት ግን ሁሉም ተሰርዟል። ማን ከማን በኋላ እንዳለፈ የሚያሳይ ነገር የለም። አንድ ቀን ይሁን አስር ቀን፣ ሁልጊዜ ይሁን፣ ሊያውቅ የሚችል ሰው የለም። ልጄ ያኔ ነው ዞር ብላ የወረደችበትን መንገድ ያየችው። ሦስታችንም አየን። ምንም አልነበረም። ባህር ዛፍ ብቻ፣ ቅጠሉ ንፋስ ሳይኖር የቆመ።

«ነብር ብለሽ ጻፊ» አለቻት።

ልጅቷ «ይዘጋል እኮ» አለች። ትምህርቴስ ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ልጄ ቁጭ አለች። የጎረቤታችን ልጅ ከሰኞ ጀምሮ መውጣት ልትለማመድ እንደሆነ ነገረችን፤ አስራ አራት ዓመቷ ነው። እንጨትሽን ከምንጩ ጎን አስቀምጪ፣ ጥበቃ አይደርስበትም ብላ ቦታውን ያሳየቻት ልጄ ራሷ ነች። «እኔ ብቀር እነሱ ይወጣሉ። ጻፊው» አለች።

ልጅቷ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ለአስተማሪዋ ደወለች። እስኪያነሳ ድረስ ጀሪካኑን ደበደብኩ።

ሰኞ ሳይደርስ ጎኑ ተዘጋ። አስተማሪው ቤት ድረስ መጥቶ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከእኔ ጋር አስተካከለ። አልተቆጣኝም፤ «እማማ፣ እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነበር» ብቻ አለኝ፣ በዚያ ትሁት ድምፁ። ጫማው ጭቃ ነክቶታል፣ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። በሰፈሩ ሴቶች ላይ ጎኑን ያስዘጋንባቸው እኛ ነን፤ ብዙዎቹ ለወራት ሰላምታ ነሱን። የጎረቤታችን ልጅ እናት ግን ማታ ዳቦ ይዛ መጣች፣ አስቀምጣ ሄደች።

ልጅቷ አንድ ዓመት አቋርጣ ነው ትምህርቷን የጨረሰችው። ልጄ አያት ሄዳ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ አሸዋና ሲሚንቶ ተሸከመች፣ በታክሲ ሄዳ በታክሲ ትመለሳለች። እኔ በሁሉም ነገር እቀልድባታለሁ፤ በአነጋገሯ፣ በአረማመዷ፣ ሲሚንቶ ስታራግፍ ዱቄት የሰረቀች በመምሰሏ። ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤት ስትመጣ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። ሰው በሞላበት አስፋልት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥቂት ትራመድና ቆማ ወደ ኋላዋ ታያለች። ያኔ ወደ ቤት እገባለሁ፣ እንዳየኋት እንዳታውቅ።